ቁልፍ የማያጠፋው ሞተር

ጥቅምት 4

ለተከበሩ ጋሽ ጆሮ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ያምዎት ነበር፤ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት። አስራ አንድ ዓመት ዝም ብሎ ለቆየ ሰው ይህ ሰላምታ ይነስ ይብዛ አላውቅም።

አድራሻዎን የሰጠኝ ጎሚስታው ነው። ጋራዡ በር ላይ ዛሬም ጎማ ይለጥፋል። «ጆሮ እኮ ሞተር ትቷል፤ ብስክሌት ነው የሚጠግነው» ሲለኝ የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ካቻቢቴ ሞተር ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ በሽታውን ያዳምጥ የነበረ ሰው ከብስክሌት ምን ይሰማል ብዬ አዘንኩ። ከዚያም ማዘኑ የእኔ ፋንታ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ።

የጻፍኩልዎት ስለ መኪናው ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ወንድሙ ሲነዳው ቆይቶ አምና ለልጄ መለሰላት። አባቷ ሲሞት አስራ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አላት። እርስዎ የገጠሙትን፣ ሞተሩን በእጅ ስቦ የሚያጠፋውን ካቦ ወንድሙ ባለቤቴ በሞተበት ቀን ገንጥሎ እንደጣለው ያውቃሉ። በምትኩ አሮጌ የኤሌክትሪክ ማጥፊያ አስገባበት፤ ቁልፍ ሲከፈት ናፍታውን የሚለቅ፣ ሲዘጋ የሚዘጋ። ከተረከበችው ወዲህ ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። ሲቃጠል ደግሞ አያስጠነቅቅም። መኪናው እየሄደ ናፍታው ይዘጋና ጭጭ ይላል፤ መሪው ድንጋይ ይሆናል። ሁለቱ ጊዜ ሜዳ ላይ ነበር። ሦስተኛው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ስምንት ቶን ሲሚንቶ ጭና።

አዲሱ ዕቃ የለም። አሮጌው አንድ ወር አይሞላም። የዚህ አገር መካኒኮች ደግሞ «ያ መኪና ነው» ይሉና ኮፈኑን ሳይከፍቱ ይመልሷታል። ልጄ «እማዬ፣ የእጅ ካቦውን ራሴ እገጥመዋለሁ፤ እንዴት እንደሚገጠም የሚነግረኝ ሰው ብቻ ፈልጊልኝ» አለችኝ። ከእርስዎ ሌላ ማንን አውቃለሁ?

እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም።

የወዳጅዎ ባለቤት


ጥቅምት 21

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለት ቀን ሳልከፍተው አስቀመጥኩት። ጽሕፈትሽ አምሯል። ድሮ የጭነት ወረቀት ስታነቢ በጣትሽ መስመሩን እየተከተልሽ ነበር፤ ያ ምስኪን ባልሽ «ቀስ በይ፣ ፊደሉ አያመልጥሽም» ይልሽ ነበር።

ልጅቷ ከባድ መኪና ትነዳለች ስትዪኝ ለብቻዬ ሳቅሁ። አባቷ «ረዳቴ» ሲላት በርሜል ላይ ቆማ መሪ የምታዞር ይመስለኛል አሁንም።

የምትጠይቂኝን ግን አላደርገውም። ካቦ እንዳትገጥም። ከየትም ፈልጋ አዲስ ማጥፊያ ትግዛ፤ ካልሆነም መኪናውን ትሽጠው። እኔ ካቦ ገጥሜ አንድ ቤት አፍርሻለሁ። ሁለተኛ አልደግምም። ሞተር የሚባል ነገር ከነካሁ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ከአንድ ፎቅ ደረጃ ስር ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ብስክሌትና የሕፃናት ጋሪ እጠግናለሁ። ቢበላሽ የወደቀው ጉልበቱን ይላጣል እንጂ አይሞትም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለቅሶው ላይ ልጠይቅሽ ፈልጌ አፈርኩ፤ በኋላም ምን ብዬ ልምጣ? የዚያን ቀን እጀታውን ስትስቢው ላላ ነበር ወይስ ጠነከረ? በቀላሉ ከመጣልሽ ናፍታ በሚረጨው ፖምፓ ላይ ሽቦውን የያዘው ቡሎን ለቆ ነበር ማለት ነው። ከጠነከረብሽ ደግሞ ሽቦውን የሸፈነው ጎማ የሆነ ቦታ ታጥፎ ነበር። የትኛው ጥፋት የእኔ እንደሆነ ሳላውቅ እየኖርኩ ነው። ቡሎኑን ያጠበቅሁት ይመስለኛል። በሕልሜ ግን ሁልጊዜ ይላላል።

አልወቅስሽም። ንገሪኝ ብቻ።

ጆሮ


ኅዳር 3

ለተከበሩ ጋሽ ጆሮ፣

ስለ ልጄ አደጋ በጎሚስታው በኩል ሰምተው ከሆነ እውነት ነው። ግን እንዳወሩት ክፉ አይደለም። ግንባሯን አራት ቦታ ተሰፍታለች። ሐኪሙን «ቡሎኑን በደንብ ያጥብቁልኝ» ብላ አስቃዋለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሳቃቸውን ሰማሁ።

እንደገና ቁልቁለቱ ላይ ጠፋባት። መንገድ ሠሪዎች የከመሩት አሸዋ ባይኖር ኖሮ አልልም። አሸዋ ነበረ። መኪናው ከፊት መከላከያው በቀር ብዙ አልተጎዳም፤ ብየዳው ሲያልቅ ልትወጣ ነው። ተይ አልኳት። «ትቼስ? አንቺን ምን ላብላሽ፣ መጽሐፍ?» አለችኝ። አፏ እንደ አባቷ ነው።

ስለ መጽሐፍ ካነሳሁ፣ የመኪናውን መምሪያ አንብቤዋለሁ። ከባለቤቴ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። ግማሹ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉን ከሞተሩ ጋር እያስተያየሁ ፖምፓውን አገኘሁት፣ ፖምፓው ላይ ያለችውን ትንሽ ክንድም አገኘሁ። በአንድ ጣት ትገፋለች። ይህን ለማንበብ አስራ አንድ ዓመት ዘገየሁ።

ከቤታችን ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ፤ በናፍታ የሚሠራ። ከሰዓት በኋላ ሲያጠፉት ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሞተሩ ይጠፋል፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ይቆማል፣ ሰዉ ዱቄቱን አራግፎ ይሄዳል። እኔ ግን አሁንም ሲሄድ ይሰማኛል። ባለወፍጮው «እትዬ፣ እህል አለዎት?» ይለኛል። ባዶ እጄን ነው የቆምኩት። «አይ፣ ሳልፍ ነው» እለዋለሁ። በየቀኑ ሳልፍ ነው።

ስለጠየቁኝ ነገር በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። እጄን ትንሽ አሞኛል። እባክዎ ለልጅቷ ሲሉ አሠራሩን ይላኩልኝ።

የወዳጅዎ ባለቤት


ኅዳር 15

እታለም፣

ስለ ካቦው ብጠይቅሽ ስለ ወፍጮ ጻፍሽልኝ። እጅሽን ካመመሽ ደግሞ ሦስት ገጽ እንዴት ጻፍሽ?

የሠራሁትን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ያንን ካቦ መልሼ ሠራሁት። ሽቦው የብስክሌት የፍሬን ካቦ ነው፤ ክንዷን ከብረት ቆረጥኩ፤ መመለሻ ስፕሪንግ ከአሮጌ ኮርቻ ነቀልኩ። ቡሎኑን ያን ጊዜ ባጠበቅሁት መጠን አጠበቅሁት። እጅ አይረሳም። ከዚያ መሳብ ጀመርኩ። ደንበኛ እየጠበቀ እስባለሁ። አንዲት ሴትዮ የልጇን ጋሪ ልትወስድ መጥታ «ምንድን ነው የሚስቡት?» ብትለኝ «የራሴን አንጀት» አልኳት፤ ደንግጣ ሒሳብ ሳትከፍል ሄደች።

ሺ ጊዜ ሳብኩት። በጠመኔ እያሰመርኩ ቆጥሬያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልከዳኝም። አጥፌ፣ አጣምሜ፣ ቡሎኑን ግማሽ ዙር አላልቼ ሳብኩት። ክንዷ እሺ ብላ ትመጣለች።

ታዲያ የዚያን ቀን ምን ነካው?

እውነቱን ካልነገርሽኝ ለልጅቷ አሠራሩን አልልክም። ክፋት አይደለም። ያላወቅሁትን ጥፋት ለሌላ ሰው ልጅ አላስተምርም።

ጆሮ


ኅዳር 24

ጋሽ ጆሮ፣

ላላም አልነበረም፣ አልጠነከረምም። አላውቅም። አልሳብኩትም።

ይህን ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። አሁን ሳልቆም ልጨርሰው።

እርስዎ ካቦውን ዓርብ ከሰዓት ገጥመውት ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ቺንጋው ይጮሃል ብሎ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነሳ። «ስነግርሽ ታጠፊልኛለሽ» ብሎ ጋቢና አስቀመጠኝ። መጽሐፍ ይዤ ነው የወጣሁት፤ ሊያልቅ ሁለት ቅጠል ቀርቶት ነበር። እሱ በመስኮቱ ብቅ አለና «ስሚ፣ ከእንግዲህ ቁልፉ አያጠፋውም። ይቺን ጥቁር እጀታ ነው የምትስቢው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት፣ ቀና ሳልል።

«ምን አልኩሽ?»

«እሺ አልኩህ እኮ!»

«ኧረ እሺሽስ በኩንታል ነው» ብሎ እየሳቀ ወደ ፊት ሄደ።

ኮፈኑ ክፍት ስለነበር አይታየኝም። «አጥፊው!» ሲል ሰማሁ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። ቁልፉን አዞርኩ። አልጠፋም። መልሼ አዞርኩ። ነቀልኩት። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነው፣ ሞተሩ ይሄዳል። እጀታዋ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር እንኳ አትርቅም ነበር። ቁልፉን ጨብጬ ዘልዬ ወረድኩ። የሹራቡን እጅጌ ማራገቢያው ይዞት ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ወንድሙ ከቤት ሮጦ ወጥቶ የአየር ማስገቢያውን በጆንያ አፍኖ ሞተሩን ገደለው። ወደ እኔ ዞሮ «አልሳብሽውም?» ብሎ ጮኸ። «ሳብኩት» አልኩ። «ሳብኩት፣ እምቢ አለ።» አስቤ አላልኩትም፤ አፌ ውስጥ ተቀምጦ የጠበቀ ይመስል ወጣ። እሱ በንዴት ካቦውን ገንጥሎ ከአጥር ውጭ ወረወረው። ማንም አልሞከረውም። ሲመሽ ጋራዡ ሁሉ «የጆሮ ካቦ ከዳው» ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልናገር ነበር። እርስዎ አጥሩ ጋ መጥተው ቆሙ፤ ሳይገቡ ሲመለሱ በመስኮት አየሁዎት። ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታ፣ አባቷን ማን እንደነጠቃት ያወቀች መስሏት የእርስዎን ስም እየጠራች ታለቅስ ነበር። ያን ስም ከአፏ አውጥቼ የራሴን ማኖር አቃተኝ። ከዚያ ሳምንት አለፈ። ከሥራ እንዳስወጡዎት ሰማሁ። አገር ለቀቁ ሲሉኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለለኝ።

ሁለቱን ቅጠል በኋላ አነበብኳቸው። ምንም የረባ ነገር የለባቸውም።

ልጄ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሥራዎ አልከዳዎትም። አሁን አሠራሩን ለልጅቷ ይላኩላት። ለእኔ ምንም አይላኩ።


ታኅሣሥ 12

የመጀመሪያው ወረቀት የልጅቷ ነው።

ረዳት፣ እጅሽን ታጠቢና አንብቢ፤ ወረቀቱ ለሌላም ይጠቅማል። በመጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ ፍቺ። የተቃጠለውን ማጥፊያ ከፖምፓው ነቅለሽ በውስጡ ያለችውን ዘንግና ስፕሪንግ አውጪ፣ ከዚያ ባዶውን መልሰሽ እሰሪው፤ ናፍታው አሁን ሁልጊዜ ክፍት ነው። ካቦውን ከመሪው ስር አስገብተሽ ከሞተሩ ጢስ ማውጫ አርቀሽ አሳልፊው፤ ሙቀት ሽፋኑን ያቀልጠዋል። ሰፊ አድርገሽ አዙሪው፣ እንዳታጥፊው። ሽፋኑ በሁለት ቦታ ካልተያዘ በሽቦው ፋንታ ሽፋኑ ይሳባል። ሽቦውን ፖምፓው ላይ ባለችው ክንድ ላይ በቡሎን አጥብቂ፤ እንዳይላላ በላዩ ሁለተኛ ዳዶ ጨምሪ። ስትስቢው ክንዷ እስከ መጨረሻው መድረሷን በዓይንሽ እዪ፤ በግማሽ ከቆመች ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይጠፋም። ካጠፋሽ በኋላ እጀታውን መልሺ፣ አለዚያ ነገ አይነሳልሽም። ቁልፉንም ዝጊ፤ ሞተሩን ባያጠፋ ባትሪሽን ያድናል። ሽቦው ቢበጠስ ደግሞ ትልቁን ማርሽ አስገቢ፣ ፍሬኑን ረግጠሽ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ፤ ታንቆ ይጠፋል። እጀታው ላይ «ማጥፊያ» ብለሽ በትልቁ ጻፊ። ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ አሳዪ። አሳይተሽ ሳትጨርሺ ደግሞ «ሳቢው» በይና ሲስብ እዪ። እሺ ማለቱን አትመኚ።

ይህኛው ያንቺ ነው፣ እታለም።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ያን ጠረጴዛ ላይ የሠራሁትን ካቦ በመዶሻ ሰባበርኩት። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስታ ይሁን ንዴት ለይቼ አልነግርሽም። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ወሬውን አምኖ «እጅህን ሰብስብ» ብሎኝ ነው የሞተው። እሱን ማን ይቀሰቅስልኛል?

ሁለት ነገር አድርጊ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ቡሎን ከማጥበቋ በፊት ንገሪያት። ከዚያ ጋራዡ ሄደሽ ስሜን ባነሱበት ቦታ፣ በገዛ አፍሽ፣ ቆመሽ ተናገሪ። በደብዳቤ አይሆንም።

ጆሮ


ጥር 5

ጋሽ ጆሮ፣

ያሉኝን አድርጌያለሁ።

ለልጄ የነገርኳት ግቢ ውስጥ ነው፣ የመፍቻ ቁልፎቿን ጨርቅ ላይ ደርድራ ሳለ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰማችኝ። ስጨርስ «አሥራ ሦስት ቁጥር አቀብዪኝ» አለች። አቀበልኳት። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ከመጥራት በቀር አላናገረችኝም። እርስዎ እንደጻፉት ነው ያደረገችው፣ ሁለተኛውን ዳዶ ሳይቀር።

ሲያልቅ ሞተሩን አስነስታ ወረደችና «ግቢ» አለችኝ። ጋቢና ገባሁ። እሷ ኮፈኑ ስር ገብታ አጎነበሰች። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ ነበር፤ ይህን ያየሁት ግን በኋላ ነው። ከዚያ የአባቷ ልጅ በአባቷ ድምፅ «አጥፊው!» ብላ ጮኸች።

ሳብኩት። ጠፋ።

«ደግሞ» አለች። አስነሳችው። ጮኸች። ሳብኩት። «ደግሞ!» ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ባትሪው ሊደክም ነበር። በመጨረሻ መጥታ በመስኮቱ አየችኝ። ፊቷ ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ ከግራሶው መሀል የዓይኗ ውሃ መንገድ ሠርቷል። «ይሠራል» አለች። «ድሮም ይሠራ ነበር።» በማግስቱ ጭና ወጣች። በየደረሰችበት ትደውላለች፤ ለአክስቷ። አክስቷ ቁልቁለቱን በሰላም ወርዳለች ብላ ነገረችኝ።

ትናንት ጋራዡ ሄድኩ። እንዴት እንደምጀምር መንገድ ላይ ስለማመድ ነበር። ገብቼ መሀሉ ላይ ቆምኩ። ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ራዲዮውን እንዲቀንሱልኝ ለመንኳቸው። «እዚህ ይሠራ የነበረው ጋሽ ጆሮ የገጠመው ካቦ ባለቤቴን አልገደለም። ያላጠፋሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼበታለሁ» አልኩ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ወጣት እጁን በጨርቅ እየጠረገ በትሕትና «ይቅርታ እናቴ፣ ጋሽ ጆሮ ማናቸው?» አለኝ።

የሚያውቅዎት አልነበረም። ያኔ ያ ሁሉ ሰው ሲያማዎት ነበር፤ ሰምቼዋለሁ፣ አፍንጫዬ ስር ነበር። ጎሚስታውን ከበር ጠርቼ «የት ሄዱ?» ብዬ ብጠይቀው «ከፊሎቹ ሞቱ፣ ከፊሎቹ ተበተኑ» አለኝ። «እኔ አለሁ። እኔም አምቼዋለሁ።» ባልዲው ላይ ተቀመጠና ጎማውን ትቶ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ስለዚህ ወንበር ለመንኩና ከመጀመሪያው ተናገርኩ። ስምዎን ከማጽዳቴ በፊት ስም እንደነበረዎት መንገር ነበረብኝ። እንዴት እንደሚያዳምጡ፣ ሹፌሮች ከሩቅ አገር ሞተራቸውን ይዘው እንደሚመጡልዎት፣ ያ አጎትዎ ሲቆጣ ቁልፍ እንደሚወረውር። ከዚያ ያን ቅዳሜ። ሁለቱ ሥራ አለብን ብለው ወጡ። አንዱ ስልኩን ያይ ነበር። ሦስቱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ያ ወጣት «አሁን የት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከደረጃ ስር መሆንዎን ነገርኩት።

ሦስት ሰው ያውቃል። ከጎሚስታው ጋር አራት። ያኔ በአንድ ቃል ከተማው ሁሉ አውቆ ነበር።

የሄዱት ሁለቱ ሰኞ ይገባሉ ብለውኛል። ሰኞ እሄዳለሁ። ሌላ ጋራዥ ከድልድዩ ማዶ አለ፤ ማክሰኞ እዚያ ነኝ።